የሰማያዊዎቹ ጎረቤት

ኦግንያንና ስቪለን የገና በዓል በተቃረበ ቁጥር ሲሰዳደቡ ያያቸው ሰው ደም የተቃቡ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለማውቃቸው አልሸወድም። ስድቡ ሲያልቅ ከአንድ ከረጢት ሱፍ እየቆረጠሙ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ነበር ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።

ኦግንያን የተበላሹ የጌም ማሽኖችን ይጠግናል። ሱቁ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ደንበኛው ቁጢጥ ብሎ ነው የሚያነጋግረው። ስቪለን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደው የትሮሊ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ራሊትሳ እባላለሁ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሦስታችንም እዚሁ ሩሴ ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው ያደግነው። ወደ አርባዎቹ ስንጠጋም ጆይስቲክ ከእጃችን አልወጣም።

ማሽኖቹን የሚሠሩት ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ሰፈር ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። በካርቶናቸው ቀለም ሰማያዊና አረንጓዴ ነው የሚባሉት። ስቪለን ሰማያዊ ነው፤ ኦግንያን አረንጓዴ። እኔ ሁለቱም ማሽን ስላለኝ ዳኛ አደረጉኝ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ኦግንያን ሱቅ እንሰበሰብና ሁለቱ ኩባንያዎች በዓመቱ ያወጧቸውን ጌሞች እያነሳን እየጣልን፣ የትኛው የተሻለ ዓመት እንዳሳለፈ እንፈርዳለን። “ችሎት” ነበር የምንለው። መጀመሪያ ለራሳችን ነበር። በኋላ ስቪለን ስልኩን ከኦግንያን የብየዳ ዕቃ ጋር አስደግፎ በኢንተርኔት ማስተላለፍ ሲጀምር ሰው ወደደው። ከሶፊያም፣ ከቫርናም፣ ጀርመን አገር ከሚሠሩት የሰፈራችን ልጆችም የሚያየን በዛ። ገና ሲደርስ ብቻ የነበረው ወሬ በየሳምንቱ ሆነ፤ ትልቁ ችሎት ግን ያው ለዓመቱ መጨረሻ ቀረ።

ሰው የሚመጣው ለስቪለን ነበር። ምላሱ ስለት ነው።

“አረንጓዴዎች ዘንድሮ ምን አወጡ?” ይላል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ። “ማስታወቂያ! አምናም ማስታወቂያ፣ ካቻምናም ማስታወቂያ። ኦጊ፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ የምትጫወተው ጌም አይደለም፤ ተስፋ ነው።”

“የእናንተስ?” ይላል ኦግንያን፣ ከፈታታው ማሽን ቀና ሳይል። “ያንኑ አሮጌ ጌም ፀጉሩን አበጥረው ድጋሚ ሸጡላችሁ። እናንተም ብርድ ላይ ተሰልፋችሁ ገዛችሁ።”

“ፀጉሩ ያምራላ!”

“እኔ በወር ጥቂት እከፍልና ስንቱን ጌም እጫወታለሁ። አንተ አንዱን ለመግዛት ኩላሊትህን ታስይዛለህ።”

“ስንቱን? ግማሹ እኮ ሣር ማጨድ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ከሥራ ደክሞህ ገብተህ ሣር ታጭዳለህ?”

“አጭዳለሁ! ምን አገባህ? ያሳርፈኛል!”

እኔ የእንጨት ማንኪያዬን ጠረጴዛ ላይ እመታና “ዝምታ!” እላለሁ። እንዲህ ነበርን።

ከሚያዩን መካከል “ጎረቤት” በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። ከሌሎቹ የሚለየው ጨዋነቱ ነው። ሌላው በእናት በአባት ሲሳደብ እሱ “እንደምን አመሻችሁ” ብሎ ይገባና “ደህና እደሩ” ብሎ ይወጣል። ሰማያዊ ነው። ስቪለን የተናገረው ነገር ደስ ካለው “ትክክል” ይላል፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለውም።

ሚያዝያ ላይ ስቪለን አንድ ቀልድ ቀለደ። የኦግንያንን አረንጓዴ ማሽን አንስቶ እያገላበጠ፣ “ለዚህ ዕቃ የሚበጀው አንድ ነገር ብቻ ነው” አለ። “ዳኑብ ውስጥ መንከር። ቢያንስ ዓሣው ይጫወትበታል።” ኦግንያን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሻዩን ደረቱ ላይ ደፋው። እኔም ሳቅኩ። ሰዉ ሁሉ የሳቅ ምልክት እየደረደረ ሲልክ ጎረቤት “ትክክል” ብሎ ጻፈ።

በጋው ሲገባ ፔትራና የምትባል ነርስ አንድ አረንጓዴ ማሽን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ኦግንያን መጣች። ሰፈራችን ናት፤ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ የምትጫወት፣ ሁልጊዜ በገዛ ስሟ እየጻፈች ለኦግንያን የምትከራከርለት ሴት ናት። እኔም የዚያን ዕለት እዚያው ነበርኩ። ኦግንያን ማሽኑን ሲከፍተው ጭቃ ወጣ። ጥቁር፣ የሚሸት የወንዝ ጭቃ። በጭቃው መሐል ደግሞ ትንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ።

“ወንዝ ውስጥ ጣልሽው እንዴ?” አላት ኦግንያን።

“ምን ልሁን ብዬ? ከመደርደሪያው ላይ አልተነሳም። ከሥራ ስገባ ሽቦው እንደተሰካ ነው፣ ሥሩ ግን ውሃ አቁሯል።”

“ሌባ ገብቶ ይሆናላ።”

“ሌባ ገብቶ ዕቃ ይመልሳል?” አለች። “በሩ አልተነካ፣ ምንም አልጎደለ። ሰው የገባ የመሰለኝ እንኳ ምንጣፉ ከወትሮው ተስተካክሎ ሳየው ነው።”

ከእሷ በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ቶኒስላቭ መጣ፤ ያው ጭቃ። ቀጥሎ ጡረታ የወጣው መርከበኛ። ሁሉም አረንጓዴዎች ናቸው፤ ሁሉም በስማቸው እየጻፉ ለኦግንያን የሚወግኑ፤ የማንኛቸውም በር አልተሰበረም። ኦግንያን የሁሉንም ጭቃ በብሩሽ ጠረገ።

በዚያው ሳምንት ስናስተላልፍ ጎረቤት እንደ ልማዱ “እንደምን አመሻችሁ” አለና ቀጥሎ “ዓሣዎቹ እየተጫወቱ ነው” ብሎ ጻፈ።

ስቪለን አነበበው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኑ ውስጥ ግን አልነበረም።

“ስማኝ፣ ጎረቤት” አለ ወደ ካሜራው ተጠግቶ። “ያ ቀልድ ነው። ቀልድ! እኔ የማንንም ዕቃ አበላሹ አላልኩም። ገባህ?”

“ገባኝ” ብሎ መለሰ ጎረቤት።

አልገባውም፤ ወይም የገባው ሌላ ነገር ነው። ስቪለን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሳያስበው፣ “እናንተ አረንጓዴዎች ብርሃን አትወዱም፣ ለዚህ ነው ምድር ቤት የምትኖሩት” ብሎ ኦግንያንን ተረበው። በነጋታው ጠዋት ኦግንያን ሱቁን ሲከፍት መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። አቀባቡ የሚያስደነግጥ ነበር፤ የጥላቻ ሥራ አይመስልም። ጠርዙ ላይ ቀለም እንዳይነካ ወረቀት ተለጥፎበት፣ በደንብ ተስተካክሎ ነው የተቀባው። ሥራውን ወዶት የሠራ ሰው እጅ ነው።

ስቪለን ቀለሙን በምላጭ እየፋቀ አብሮን ዋለ። “ከዛሬ ጀምሮ አፌን እጠብቃለሁ” አለ። ጠበቀም። ቃላቱን እየመዘነ፣ እንደ ሰርግ ሽማግሌ እየተናገረ ማስተላለፍ ቀጠለ። ተመልካቹ ግን አኮረፈ። “ስቪለንን ምን ነካው?” አሉ። “ወንድነቱን ሸጠው” አሉ። ጎረቤት “አፉን ያፈኑበት አሉ” ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ “ራሊትሳ የኩሽናዋን መደርደሪያ ብታስጠግን ጥሩ ነው። በአንድ ምስማር ነው የተንጠለጠለው፤ ይወድቅባታል” አለ።

የኩሽናዬ መደርደሪያ በአንድ ምስማር ነበር የተንጠለጠለው። ለማንም አልተናገርኩም። ቤቴ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ከእህቴ ሌላ በዚያ መኸር ኩሽናዬ ድረስ የገባ አንድ ሰው ብቻ ትዝ አለኝ፤ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋው ጋሊን። ትሁት ሰው ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ። ውሃ ስሰጠው ብርጭቆውን አጥቦ ነው የመለሰልኝ።

ፔትራናን መንገድ ላይ አግኝቻት ጠየቅኳት።

“ጋሊን? የኢንተርኔቱ?” አለች። “ወርቅ የሆነ ሰው! በጋው ሊገባ ሲል እኔ ሥራ ስለነበረብኝ ቁልፉን ትቼለት ነበር የሄድኩት። ሠርቶ፣ ጠርጎ፣ ቁልፌን…” ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

የቶኒስላቭንና የመርከበኛውን መስመርም የዘረጋው እሱ መሆኑን ስናውቅ ከኦግንያንና ከስቪለን ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። አንዲት መርማሪ በትዕግሥት አዳመጠችን፤ ቃላችንን ተቀበለች፤ ጠርታ እንደምታነጋግረው፣ እስከዚያ ግን እኛ እንዳንነካካው ነገረችን። ስንወጣ ስቪለን “ምን ብላ ትጠይቀዋለች?” አለ። “ለምን ትክክል አልክ ልትለው ነው?”

ከጣቢያው ምንም ሳንሰማ የገና ሰሞን ደረሰ። ችሎቱን እናድርግ ወይስ እንተወው ብለን ኦግንያን ሱቅ ባኒትሳ የሚባለውን የአይብ ጥቅልል እየበላን ስንማከር ስቪለን በድንገት፣

“ዘንድሮ እኮ አሸንፋችኋል” አለ።

ኦግንያን ማኘኩን አቆመ። “ምን አልክ?”

“ሰምተሃል። ሁለተኛ አይወጣኝም።”

“የምርህን ነው?”

“ኦጊ፣ የእኛ ዓመት ባዶ ነው። አንዱ ተራዘመ፣ ሌላው ግማሹ ሳይበስል ወጣ፣ ያ የመብራት ማማው ጌም ደግሞ ክፍል አንድ ራሱ የክፍል ሁለትን ልብስ ለብሶ የመጣ ነው። የእናንተን ‘የጨው መንገድ’ እህቴ ቤት ሄጄ ተጫወትኩት። ሰውየው በቅሎዋን ትቶ የሚሄድበት ቦታ ላይ ስደርስ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። እህቴ ‘ምን ሆንክ?’ ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።”

ኦግንያን እንዲህ ያለ ድል ሲጠብቅ ስንት ዓመቱ ነው፤ ግን አልፈነደቀም። “ይህን አየር ላይ ልትል ነው?” አለው።

“ጋሊን የሚሠራው በእኔ አፍ ነው” አለ ስቪለን። “እኔ አረንጓዴ አሸነፈ ካልኩ ሥራ ያጣል።”

“ወይ ወደ አንተ ይዞራል” አልኩት።

“ይዙር። ቢያንስ ወደ ፔትራና አይሄድም።”

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀመርን። በረዶው በመስኮቱ ግማሽ ድረስ ተከምሮ ሱቁ ውስጥ መብራት አብርተናል። ከላይ የሚያልፈው ሰው እግሩ ብቻ ነው የሚታየን። ተመልካቹ ከምንጊዜውም በዝቷል። ኦግንያን የአረንጓዴዎቹን ጌሞች በተራ አቀረበ፤ ስቪለንም ደካማዎቹን አንድ በአንድ ቀጠፋቸው፤ ለትንሽ ጊዜ የድሮው ስቪለን ተመለሰ፣ እኔም ማንኪያዬን መታሁ። ከዚያ የእሱ ተራ ሲደርስ ያለምንም ቀልድ ተናገረ። የሰማያዊዎቹ ዓመት ለምን እንደደከመ፣ የጨው መንገድ ለምን እንደሚበልጥ፣ ለእኛ ባኒትሳ እየበላ የነገረንን ሁሉ፣ በረንዳውን ሳይቀር ተናገረ። “ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ነኝ፤ ነገም ሰማያዊ ነኝ” አለ። “ዘንድሮ ግን አረንጓዴ ነው። እውነቱ ይሄ ነው።”

ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ። “ከሃዲ።” “ስንት ከፈሉህ?” “ተባረክ ስቪለን።” “አድራሻውን ማን ያውቃል?” በመሐል አንዲት መስመር አለፈች፤ “ስቪለን፣ ደክሞዎታል።” ጎረቤት ነበር። ወዲያው ስክሪኑ ደረቀ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

በመስኮቱ በኩል አንድ ጥንድ ወፍራም ጫማ መጥቶ ቆመ። አልራቀም። ከዚያ ደረጃውን ሲወርድ ሰማነው።

ጋሊን የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ገባ። ኮፍያውን አወለቀ። “እንደምን ዋላችሁ” አለ። “መስመር ተቋርጦባችኋል አሉኝ።”

“ማን አለህ?” አለ ኦግንያን። “ማንም አልጠራህም።”

ጋሊን በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ ሁኔታው የገዛ ቤቱ የገባ ሰው ይመስል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሣጥን ከፍቶ ሁለት ሽቦ ነካካና ዘጋት። “አሁን ይሠራል” አለ። “ግን መጀመሪያ እንነጋገር።” ፊቱን ወደ ስቪለን አዙሮ፣ ጀርባውን ለስልኩ ሰጥቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እኔ ከፊት ለፊት ስለነበርኩ አየሁ። መስመሩ ሲመለስ ስርጭቱም ራሱ ቀጠለ፤ ቀዩ ነጥብ በራ። ጽሑፉ እንደገና መውረድ ጀመረ። ዓይኔን ከዚያ አንስቼ ጋሊን ላይ ተከልኩ፤ እንዳያየኝ ብዬ መተንፈስ እንኳ ፈራሁ።

“እርስዎ ሚያዝያ ላይ ዳኑብ ውስጥ ይነከር ብለዋል” አለ ጋሊን፣ በዚያ በዝቅተኛ ድምፁ። “መስከረም ላይ ብርሃን አይወዱም ብለዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ እኔ ገና መጻፍ ሳልጀምር፣ ሰማያዊ ሰው ቃሉን አያጥፍም ብለዋል። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ዛሬ ግን ቃልዎን አጠፉ።”

“ቀልድ ነበር፣ ሰውዬ።”

“ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ። ስቄያለሁ። ከሳቅኩ በኋላ ሥራውን ሠራሁ።”

“የፔትራናን ማሽን የነከርከው አንተ ነህ?” አለ ኦግንያን።

“ወንዝ ወስጄ መለስኩት። አልሰረቅኩም። ሰው ቤት ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ምንጣፍ ከተጣመመ አስተካክላለሁ። ማንንም አልጎዳሁም፤ እስካሁን።” ከቦርሳው ውስጥ አጭር እጀታ ያለው መዶሻ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ማንኪያዬ አጠገብ አስቀመጠው። “ፍርዱን ያስተካክሉ፣ ስቪለን። ከዚያ ስርጭቱን እንከፍተዋለን፤ ተሳስቼ ነው ይላሉ፤ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።”

ስቪለን መዶሻውን አየ። ትሮሊ አውቶቡስ ውስጥ ሰካራም ሲያስቸግረው እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው፤ አሁንም አላነሳም።

“የጨው መንገድን ተጫውተኸዋል?” አለው።

“አረንጓዴ አልነካም።”

“ታዲያ በምን ታውቃለህ?”

ጋሊን ጥያቄው የገባው አይመስልም። እጁን ዘርግቶ የመዶሻውን እጀታ ያዘ።

በዚህ ጊዜ መስኮቱ ተደበደበ። ፔትራና በረዶው ላይ ተንበርክካ ፊቷን ከመስታወቱ ለጥፋለች። “ጋሊን!” ብላ ጮኸች። “እያየንህ ነው! ሁሉም ሰው እያየህ ነው!” ከኋላዋ እግሮች እየሮጡ መጡ፤ ዱቄት የነካው የቶኒስላቭ ሱሪ፣ ሌላም ሌላም።

ጋሊን ዞሮ ቀዩን ነጥብ አየ። እኔ ይደነግጣል፣ ወይ ይመታናል ብዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ። እሱ ግን መዶሻውን ለቀቀና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ረጅም ጊዜ አነበበ። “ፖሊስ ይጠራ” የሚል ነበረ። “እብድ ነው” የሚልም ነበረ። ግን ሌላም ነበረ፤ “ጎረቤት ልክ ነው” የሚል፣ “አሳየው” የሚል፣ “ከእኛ አንድ ሰው እንኳ ተገኘ” የሚል። ጋሊን ፊቱ ላይ ደስታ ሲመጣ አየሁ፤ ልጁ ሲመረቅ የሚያይ አባት ነበር የሚመስለው። መዶሻውን ወደ ቦርሳው መልሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ “ደህና ዋሉ” ብሎ በሩን ከፈተ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ ብለው የገደብ ቅጣት ፈረዱበት፤ ከሥራውም ተባረረ፤ ከከተማው ለቆ ሄደ ተባለ። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። እኛም ቻናላችንን ዘጋን። ግን የዚያን ቀን ስርጭት የቀዳው ሰው ብዙ ነበር። ቆራርጠው አሠራጩት፤ የስቪለን ቃል ወጥቶ የጋሊን ቃል ብቻ ቀረ፣ ከሥሩ ሙዚቃ ተጨመረበት። ክረምቱ ሳይወጣ “ጎረቤት” የሚለውን ስም የያዙ ሰዎች በየውይይቱ በዙ። ሁሉም ጨዋ ናቸው። ሁሉም “እንደምን አመሻችሁ” ይላሉ። ፕሎቭዲቭ ውስጥ አንድ ሰው የአረንጓዴዎቹን ጌም አወድሶ በጻፈ ሳምንት ማሽኑ ውስጥ አሸዋ ተሞልቶ አገኘው፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቡርጋስ ውስጥ ደግሞ የተነከረው የሰማያዊ ማሽን ነው።

እኛ አሁንም እሑድ እሑድ ኦግንያን ሱቅ እንገናኛለን። መስኮቱ ላይ መጋረጃ አድርጎበታል። እንጫወታለን፤ የትኛው ይበልጣል የሚባል ወሬ ግን አይነሳም። ባለፈው እሑድ ስቪለን ዘግይቶ መጣ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

“ባቡር ጣቢያው ጋ አንድ ሰውዬ ተሳፈረ” አለ። “መጥቶ እኔ አጠገብ ቆመ። በጣም በትሕትና ‘የዘንድሮው ችሎት መቼ ነው?’ አለኝ። ትተነዋል አልኩት። ‘ግድ የለም፣ እንጠብቃለን’ አለኝና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።”

ኦግንያን ሄዶ በሩን ነካክቶ ተመለሰ።

“ጋሊን ነው?” አልኩት።

“አይደለም” አለ ስቪለን። “አይቼው አላውቅም።”

“ምን ይመስላል ታዲያ?”

“ማንንም” አለ፣ ጆይስቲኩን ከእኔ እየተቀበለ። “አውቶቡስ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ ነው የሚመስለው።”